ቨርቹዋልቦክስ ሼርድ ፎልደር፦ ለዶክመንት 5፣ ለፕሮጀክት 2

ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው ምሠራው እና በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ አይነት ጥያቄ ይመጣል። ተማሪዎቹ ሊኑክስ ኮርስ ይጀምራሉ፣ ዊንዶውስ ላፕቶፓቸው ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚከፍት ፕሮግራም) ጭነው ውስጡ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ አይነት ያስገባሉ፣ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዛ ግን አሳይመንቱን ከዊንዶውሱ ወደ ኡቡንቱ ለማሳለፍ ሲሉ ሼርድ ፎልደሩ፣ ማለትም ሁለቱም የሚጋሩት ፎልደር፣ አልከፍት ይላል ወይም ጭራሽ አይታይም። ይሄ ሶፍትዌር ለኔ ዋና የሥራ መሣሪያዬ ስለሆነ ስለዚህ አንድ ነገሩ ብቻ በደንብ ልጻፍ ብዬ ነው፣ ስለሌላው ብዙ አላወራም።

ፍርዴን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሼርድ ፎልደሩ ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ለማሳለፍ ከሆነ ከ5 ሙሉውን 5 እሰጠዋለሁ፣ ከፍላሽ ያሳርፋል፣ ፈጣን ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ፕሮጀክት እዛው ፎልደር ላይ አስቀምጦ እዛው ለመሥራት ከሆነ ግን 2 ነው ምሰጠው፣ ለምን እንደሆነ ታች አስረዳለሁ። ትልቁ ጉድለቱ ደግሞ ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ በግልጽ አለመናገሩ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ሊበላሽ ይችላል፣ ሦስቱም ተጠቃሚው ጋ ሲደርሱ "ፎልደሩ አይሠራም" ብቻ ነው ሚመስሉት። ልክ እንደ ውኃ መስመር ነው፣ ዋናው መስመር ላይ ቢዘጋ፣ ቆጣሪው ጋ ቢዘጋ ወይ ቤት ውስጥ ቧንቧው ቢዘጋ ያው ውኃ የለም ነው ምትሉት፣ ቧንቧ ሠሪው ግን ከየት እንደሚጀምር ማወቅ አለበት።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ቨርቹዋልቦክስን የሠራው ኢኖቴክ የሚባል የጀርመን ድርጅት ነው፣ በፈረንጆቹ 2007 ነው የወጣው፣ በ2008 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው፣ 2010 ላይ ደግሞ ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል አብሮ ወደ ኦራክል ገባ። ዋናው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ክፍት ሶርስ ነው። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ግን ለግልና ለትምህርት ብቻ ነው ነፃ የሆነው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሥራ ከሆነ ላይሰንስ ይፈልጋል። ይሄን ያነሳሁት ምክንያት አለኝ፣ ብዙ ሰው ሼርድ ፎልደር እንዲሠራለት ብሎ ኤክስቴንሽን ፓክ ሲያወርድ ነው ማየው፣ ዳታውን ያቃጥላል፣ ከዛም ያው አይሠራለትም። ለሼርድ ፎልደር ኤክስቴንሽን ፓክ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጌስት አዲሽንስ ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ የሚጫነውም ሆስቱ ላይ ሳይሆን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ነው መሰለኝ በጣም ነው ሚምታታው። ሆስት ስል ዋናው ላፕቶፓችሁን ነው፣ ጌስት ስል ውስጡ የከፈታችሁትን ማሽን ነው፣ ከዚህ በኋላ እንደዛ እየጠራሁ ነው ምቀጥለው።

ላፕቶፑ ራሱ 8 ጊጋ ራም ቢኖረው ጥሩ ነው፣ በ4 ጊጋ ይከፈታል ግን ያስለቅሳል። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መከፈት አለበት። ዊንዶውስ ሆስት ከሆነና ማሽኑ ሲከፈት ከታች በኩል አረንጓዴ ኤሊ ካያችሁ ሃይፐር ቪ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋላይዜሽን ሥር ነው እየሠራ ያለው፣ ለዛ ነው ሚንቀራፈፈው፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ ፎልደሩ። ማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ሼርድ ፎልደርስ የሚል አለ፣ እዛ ገብታችሁ የመደመር ምልክቷን ትነኩና ከሆስቱ ላይ አንድ ፎልደር ትመርጣላችሁ፣ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ኦቶ ማውንት የሚለውን ራይት ታደርጋላችሁ፣ ማውንት ማለት ፎልደሩን ጌስቱ ውስጥ አገናኝቶ መክፈት ነው። ማሽኑ እየሠራ እያለ ከሆነ ያስገባችሁት ሜክ ፐርማነንት የሚል ሌላ ሳጥን ይመጣል፣ እሱንም ራይት ካላላችሁ ማሽኑን ስታጠፉት ፎልደሩም አብሮ ይጠፋል፣ በነጋታው "ትናንት ሠርቶ ነበረ እኮ" ይባላል። ስሙን አጭር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ስፔስ የሌለው አድርጉት። ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች በአማርኛ ቢሰየሙ ችግር የለም፣ እኔ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በሁለቱም በኩል ነው ምከፍተው፣ ኡቡንቱው ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ የፎንት ጉዳይ ነው፣ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ መጫን ነው። የሼሩን ስም ግን ኮማንድ ላይ ስለምትጽፉት አታክብዱት።

ሴቲንጉ ይሄ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው፣ ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው ሚጀምረው።

የመጀመሪያው ቦታ ሞጁሉ ነው። ጌስቱ ሊኑክስ ከሆነ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክሱ እምብርት፣ ይሄን የፎልደር አይነት የሚያውቅ ሞጁል (ተጨማሪ ቁራጭ ፕሮግራም) መጫን አለበት፣ ስሙ ቪቦክስኤስኤፍ ይባላል። ተርሚናል ላይ ኤልኤስሞድ ብላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ይሄን ስም ፈልጉት። ከሌለ ሌላ ምንም ነገር አትነካኩ፣ ፐርሚሽን ብትቀይሩ፣ ሴቲንጉን ብትሰርዙና እንደገና ብታስገቡ፣ ሪስታርት ብታደርጉ ዋጋ የለውም። በእጃችሁ ማውንት ልታደርጉ ስትሉ "ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ" ብሎ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው ኤረር ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ሰው ኤረሩን ሲያነብ ባድ ሱፐርብሎክ የሚል ቃል ስላለበት ሃርድ ዲስኬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም፣ ሞጁሉ ወይ ጌስት አዲሽንሱ በትክክል ስላልተጫነ ነው።

ሞጁሉ በአብዛኛው የሚመጣው ከጌስት አዲሽንስ ጋር ነው፣ አዲስ ከርነል ላይ ግን ራሱ ውስጥ አለ፣ ታች እመለስበታለሁ። ጌስት አዲሽንስ ደግሞ ማውረድ አያስፈልጋችሁም፣ ዊንዶውስ ላይ ቨርቹዋልቦክስን ስትጭኑ አይኤስኦው አብሮ ነው ሚመጣው። ከማሽኑ መስኮት ዲቫይስስ የሚለው ሜኑ ውስጥ ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ ሲዲ ኢሜጅ የሚለውን ስትነኩ ጌስቱ ውስጥ ሲዲ እንደገባ ሆኖ ይታያል፣ ከዛ ራን ማድረግ ነው። እዚህ ጋ አንድ መሰናክል አለ፣ ኡቡንቱው ውስጥ ኮምፓይል ማድረጊያዎቹ ጂሲሲና ሜክ፣ እንዲሁም ከከርነሉ ቨርዥን ጋር አንድ የሆነ ሄደር (ሞጁሉን ለመሥራት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ሞጁሉ እዛው ማሽኑ ላይ ነው ኮምፓይል ሚሆነው። እነዚህ ከሌሉ ኢንስቶሉ ይጀምርና መሃል ላይ ይከሽፋል፣ መጨረሻ ላይ የሚጽፈውን ካላነበባችሁ ግን ያለቀ ነው ሚመስለው። የመጨረሻውን መስመር አንብቡ።

ኡቡንቱ ከራሱ ማከማቻ ቨርቹዋልቦክስ ጌስት ዩቲልስ የሚባል ፓኬጅም አለው፣ ኢንተርኔት ካለ በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ኮማንድ) መጫን ነው፣ ኮምፓይል ምናምን የለውም። አብዛኛው ተማሪ ይሄን ቢጠቀም ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሲዲውም ፓኬጁም አንድ ላይ መጫን ግን ጥሩ አይደለም፣ ይጋጫሉ፣ አንዱን ምረጡ።

አሁን ግን ጎጃም ሆነን ስለ አፕት ስናወራ ኢንተርኔቱን መርሳት አንችልም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ክልላችን ላይ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አሁንም ቢሆን ቡሬም ሁኑ ሞጣ፣ ብቸናም ሁኑ ዳንግላ ፓኬጅ ገዝቶ ማውረድ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ኦፍላይን እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ቪዲዮዎቹ ላይ ማንም ይሄን አይነግራችሁም፣ ሁሉም ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብሎ ያልፋል።

አንደኛው መንገድ፣ ዋይፋይ ያለው ቦታ ሄዳችሁ፣ ካምፓስም ሊሆን ይችላል፣ የናንተን አይነት ኡቡንቱ የጫነ ሰው ማሽን ላይ አፕት ጌት ኢንስቶል ብላችሁ ዳውንሎድ ኦንሊ የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ሳይጭን ያወርድና ቫር ውስጥ፣ ካሽ ውስጥ፣ አፕት ውስጥ፣ አርካይቭስ የሚል ፎልደር ላይ ያስቀምጠዋል። እነዛን የዴብ ፋይሎች በፍላሽ ገልብጣችሁ ቤት መጥታችሁ በዲፒኬጂ መጫን ነው። ሁለት ነገር ጠብቁ፦ አንደኛ ያኛው ማሽን ፓኬጁን ቀድሞ ከጫነው አያወርደውም፣ ስለዚህ አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ይሻላል። ሁለተኛ አፕት ብቻ ሳይሆን አፕት ጌት ብላችሁ ጻፉ፣ አጭሩ አፕት ከጫነ በኋላ ያወረደውን ፋይል ያጠፋዋል፣ አፕት ጌት ግን አያጠፋም፣ አንዴ የወረደው ለጓደኛም ይተርፋል። የከርነሉን ቨርዥን ዩኔም በሚለው ኮማንድ አይታችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፣ የሄደሩ ቁጥር ከሱ ጋር በአንድ ዲጂት ቢለያይ ሞጁሉ አይሠራም፣ መንገዱን ደግማችሁ ነው ምትሄዱት።

ሁለተኛው መንገድ በጣም ምወደው ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው ከርነል 5.6 ጀምሮ ቪቦክስኤስኤፍ ሊኑክሱ ራሱ ውስጥ ገብቷል። ማለትም አዲስ ኡቡንቱ ከሆነ የጫናችሁት ምንም ሳታወርዱ ባዶ ፎልደር ፈጥራችሁ፣ ማውንት ብላችሁ፣ አይነቱን ቪቦክስኤስኤፍ ብላችሁ፣ የሼሩን ስምና የፎልደሩን ቦታ ጽፋችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ኦቶ ማውንቱ ግን አይሠራም፣ እሱን የሚሠራው ከጌስት አዲሽንስ ጋር የሚመጣው ሰርቪስ ነው። ማውንት ስታደርጉ ዩአይዲ የሚለውን ኦፕሽን ጨምራችሁ የራሳችሁን የዩዘር ቁጥር ስጡት፣ ኡቡንቱ ላይ የመጀመሪያው ዩዘር 1000 ነው፣ ያለዚያ ፋይሉ የሩት (የሊኑክሱ ዋና አስተዳዳሪ) ይሆንና መጻፍ አትችሉም። አንድ ሜጋ ባይት ሳይወጣ ፎልደሩ ተከፈተ ማለት ነው። ዳታ በሌለበት ጊዜ ይሄ ስንቱን ተማሪ እንዳሳለፈ እኔ ነኝ ማውቀው።

ሁለተኛው የመበላሻ ቦታ ማውንቱ ነው። ሞጁሉ አለ ግን ፎልደሩ አይታይም፣ ወይም ደግሞ ፕሮቶኮል ኤረር ይላል። ይሄ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የጻፋችሁት ስም ሴቲንጉ ላይ ካለው ስም ጋር አይገናኝም ማለት ነው። ኮማንዱ ላይ የሚጻፈው ሆስቱ ላይ ያለው የፎልደሩ አድራሻ ሳይሆን ሴቲንጉ ላይ የሰጣችሁት ስም ነው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደሉም ጭምር መገናኘት አለበት። ኦቶ ማውንት ከሆነ ደግሞ የሚገኘው ሚዲያ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው፣ ስሙ ፊት ላይ ኤስኤፍ እና አንደርስኮር ይጨመርበታል። ሆም ውስጥ ስትፈልጉት ብትውሉ አታገኙትም።

ሦስተኛው ፐርሚሽን ነው፣ ይሄ በጣም የተለመደው ነው፣ በጣም ቀላሉም ነው። ፎልደሩ ይታያል፣ ስትነኩት ፐርሚሽን ዲናይድ ይላል ወይም ቁልፍ ምልክት ይወጣበታል። ኦቶ ማውንት የሆነ ፎልደር ባለቤቱ ሩት ነው፣ ግሩፑ ደግሞ ቪቦክስኤስኤፍ ነው፣ የግሩፑ አባል ያልሆነ ሰው አይገባም። ሱዶ አድዩዘር ብላችሁ የራሳችሁን ዩዘር ስም፣ ከዛ ስፔስ አድርጋችሁ የግሩፑን ስም ጻፉ፣ አለቀ። አለቀ ስል ግን ሎግ አውት አድርጋችሁ መመለስ አለባችሁ፣ ማሽኑን ሪስታርት ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ እርግጠኛ ነው፣ አዲሱ ግሩፕ የሚታወቀው እንደገና ስትገቡ ብቻ ነው። ግሩፕስ የሚለውን ኮማንድ ጽፋችሁ ስሙ መግባቱን አረጋግጡ። እባካችሁ ችሞድ 777 አትበሉ፣ እዚህ ፎልደር ላይ ችሞድ ምንም አይቀይርም፣ ፐርሚሽኑ የሚወሰነው ማውንት ሲደረግ ነው። ፎልደሩን ለመክፈት ብሎ ሁልጊዜ ሩት ሆኖ መሥራትም ጥሩ ልማድ አይደለም።

እነዚህን ሦስቱን በቅደም ተከተል ካያችሁ አብዛኛው ችግር ይፈታል። ይሄን የምለው አንዳንድ ጥገና ቤት "ፎርማት ይደረግ" እየተባለ ጤነኛ ማሽን ሙሉ ለሙሉ እየጠፋ ስላየሁ ነው፣ ልጁ የሴሚስተር ሥራው ውስጡ አለ፣ አንድ ግሩፕ ውስጥ በመግባት የሚፈታ ነገር ነበር። የሙያ ጓደኞቼ ከሆናችሁ ይሄን የምታነቡት በፈጣሪ ፎርማት የመጨረሻ ይሁን።

ሠርቶ የነበረ ፎልደር አንድ ቀን በድንገት ከጠፋ ደግሞ ኡቡንቱው ራሱን አፕዴት አድርጎ ይሆናል። ከርነሉ ተቀየረ፣ በሲዲው የተሠራው ሞጁል ለድሮው ከርነል ነው። የአዲሱን ሄደር ጭናችሁ አርሲቪቦክስአድ የሚለውን ኮማንድ ሴታፕ ከሚል ቃል ጋር ራን ስታደርጉት እንደገና ይሠራዋል። ሆስቱ ላይ ቨርቹዋልቦክሱን ካሳደጋችሁም ጌስት አዲሽንሱን አብራችሁ አሳድጉ። ጌስቱን በኢኤፍአይ አድርጋችሁ ሴኪዩር ቡት ከከፈታችሁ ደግሞ ሞጁሉ ሳይን ስላልተደረገ ከርነሉ አልጭንም ይላል፣ ለትምህርት ማሽን ሴኪዩር ቡቱን መዝጋት ይቻላል።

ጌስቱ ዊንዶውስ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይቀላል። እኔ ራሴ በዚህ በኩል ነው ብዙ ምጠቀመው፣ ዋናው ማሽኔ ኡቡንቱ ነው፣ ውስጡ ዊንዶውስ አለኝ፣ ዋና ምክንያቱም ፓወር ግዕዝ ነው። ጎጃም መቼም የቅኔ አገር ነው፣ የአብነት መምህራኑ ድሮ በፓወር ግዕዝ ያስተየቡትን ቅኔና መልክዕ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። አንድ መሪጌታ መጡና ፋይሉን ኡቡንቱ ላይ ስከፍትላቸው ሙሉ ገጹ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነ። "ልጄ፣ ድካሜ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?" አሉኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ። "አይ መሪጌታ፣ ምንም አልጠፋም፣ እርስዎ ይቀመጡ" አልኳቸው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከዩኒኮድ በፊት ስለተሠሩ የኛን ፊደል በላቲን ፊደሎቹ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት፣ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ እንደዛ ነው ሚታየው። ፋይሉን ሼርድ ፎልደሩ ላይ ጣልኩት፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ከፈትኩት፣ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ መጣ፣ ያረሙትን አርመው ፒዲኤፍ አድርጌ እዛው ፎልደር ላይ አስቀመጥኩት፣ ከኡቡንቱው ደግሞ ፕሪንት አደረግን። ፍላሽ ነቅሎ መሰካት የለ፣ ኢሜይል የለ። ለእንዲህ አይነት ሥራ ነው 5 ከ5 ያልኩት፣ ከልቤ ነው።

ዊንዶውስ ጌስት ላይ ጌስት አዲሽንሱን ኔክስት ኔክስት ብላችሁ ጭናችሁ ሪስታርት ካደረጋችሁ ፎልደሩ እንደ ድራይቭ ሆኖ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ዜድ ተብሎ። ካልመጣ ፋይል ኤክስፕሎረሩ አድራሻ ላይ ሁለት ባክስላሽ አድርጋችሁ ቪቦክስኤስቪአር ብላችሁ ጻፉ፣ ሼሮቹ ይዘረዘራሉ። ኮምፓይል፣ ሄደር፣ ግሩፕ የሚባል ነገር የለም።

እሺ፣ ፕሮጀክት ላይ ለምን 2 ሰጠሁ? ይሄ ፎልደር ሲያዩት የሊኑክስ ፎልደር ይመስላል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) መፍጠር በነባሪው ለደኅንነት ሲባል ተዘግቷል፣ ስለዚህ ኖድ ፕሮጀክት ላይ ኤንፒኤም ኢንስቶል ስትሉ ይከሽፋል። ኖ ቢን ሊንክስ የሚል አማራጭ ጨምሮ ማለፍ ይቻላል ግን ከዛ ሌላ ነገር ይጎድላል። ሆስቱ ላይ ፋይል ስትቀይሩ ጌስቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም አይሰማም፣ ሊኑክስ ፋይል ተቀየረ ብሎ የሚያሳውቅበት አይኖቲፋይ የሚባለው መንገድ በዚህ ፎልደር በኩል ከሆስት የመጣ ለውጥን አያሳውቅም፣ ስለዚህ ሴቭ ስታደርጉ ራሱን ሪሎድ የሚያደርገው ሰርቨራችሁ ዝም ይላል፣ ፖሊንግ ካላደረጋችሁት በቀር። ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ ፋይሉን ከዚህ ፎልደር የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ሲኤስኤሱን ቀይራችሁ ብራውዘሩ የድሮውን ወይም የተቆራረጠ ፋይል ያሳያችኋል፣ ካሽ ነው ብላችሁ ስታጸዱ ትውላላችሁ፣ ምክንያቱ ሴንድፋይል የሚባለው ሴቲንግ ነው፣ ኦፍ ማድረግ ነው መድኃኒቱ። ጊት ደግሞ ምንም ያልነካችሁትን ፋይል ሁሉ ተቀይሯል ይላል፣ ፋይሎቹ ሁሉ ኤክዚኪዩት ፐርሚሽን ያላቸው ሆነው ስለሚታዩ ነው፣ ፋይልሞድ የሚለውን ፎልስ ማድረግ። ሆስቱ ዊንዶውስ ከሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ላይ ሁለት የነበሩ ፋይሎች እዚህ አንድ ይሆናሉ። ትናንሽ ፋይል ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ዳታቤዝማ ጭራሽ እዚህ ላይ እንዳታስቀምጡ፣ ማይኤስኪውኤልም ሆነ ፖስትግሬስ ዳታ ፎልደራቸው ማሽኑ ውስጥ ነው መሆን ያለበት።

እያንዳንዱ መፍትሔ አለው፣ ጻፍኩላችሁ፣ ግን አንድ ተማሪ ፕሮጀክት ማስረከቢያው ደርሶ እነዚህን ሁሉ እየተዋጋ ማየት ያሳዝነኛል። የኔ ምክር ፕሮጀክቱ ጌስቱ ውስጥ ሆም ላይ ይሁን፣ ሥራው ሲያልቅ ዚፕ አድርጋችሁ ሼርድ ፎልደሩ ላይ ጣሉት። ኤዲተራችሁ ዊንዶውሱ ላይ ከሆነ ደግሞ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መግቢያ) ግቡ፣ ማሽኑ ላይ ሁለተኛ ኔትወርክ ሆስት ኦንሊ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ሆስት ላይ ብዙ ጊዜ በ192.168.56 የሚጀምር አድራሻ ታገኛላችሁ፣ ቪኤስ ኮድ በዛ በኩል ገብቶ ሥራውን ይሠራል፣ መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገውን እስኪያወርድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከዛ በኋላ ግን ግንኙነቱ በሁለቱ መሃል ነው ሚሄደው።

አንድ በጣም ማሳስባችሁ ነገር ስናፕሾትን ነው፣ ማለትም የማሽኑን ሁኔታ አስቀምጦ በኋላ ወደዛው መመለሻውን። ሰው ስናፕሾት ይዣለሁ ብሎ ጌስቱ ውስጥ እንደፈለገ ይሰርዛል። ስናፕሾት የሚመልሰው የማሽኑን ዲስክ ነው፣ ሼርድ ፎልደሩ ግን የሆስቱ ነው፣ እዛ ላይ የሰረዛችሁት ከሆስቱም ነው ሚጠፋው፣ ወደ ሪሳይክል ቢንም አይገባም። በዚህ ምክንያት ሙሉውን ሲ ድራይቭ ወይም ሙሉ ሆም ፎልደራችሁን ሼር አታድርጉ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። በተለይ የደንበኛ ፍላሽ የምትከፍቱ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ልጆች፣ የፍላሽ ቫይረሱን ታውቁታላችሁ፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን። ማሽን ውስጥ መክፈታችሁ ጥሩ ነው ግን ሼርድ ፎልደሩ መጻፍ የሚፈቅድ ከሆነ ቫይረሱም መጻፍ ይችላል። ሪድ ኦንሊ የሚል ሳጥን አለ፣ ጌስቱ ማንበብ ብቻ ከሆነ የሚጠበቅበት እሱን ራይት በሉት።

በተቃራኒው ደግሞ መብራት ለሚያስቸግረን ሰዎች ትልቅ ጥቅም አለው። ዴስክቶፕ ላይ ሆናችሁ መብራት ድርግም ሲል የማሽኑ ዲስክ ፋይል ሊበላሽና ጌስቱ አልነሳ ሊል ይችላል። ሼርድ ፎልደሩ ላይ ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት ዶክመንት ግን ያ ዲስክ ውስጥ ስላልሆነ ሆስቱ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ማሽኑን ራሱን ብትሰርዙትም እንኳ አይነካም።

ከሌላው ጋር አወዳድር ለምትሉኝ፣ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2024 ውስጥ በቅድሚያ ለግል፣ ቀጥሎም ለሁሉም ነፃ ሆኗል። የሱ ሼርድ ፎልደር ሊኑክስ ጌስት ላይ ኤምኤንቲ ውስጥ ኤችጂኤፍኤስ በሚል ነው ሚመጣው፣ ኦፕን ቪኤም ቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ይፈልጋል፣ ኮምፓይል የሚባል ጣጣ ስለሌለው ለጀማሪ ትንሽ ይቀላል። ግን ለማውረድ ብሮድኮም ላይ አካውንት መክፈት ይጠይቃል፣ ፋይሉም ከቨርቹዋልቦክስ በጣም ይከብዳል፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ልጅ ይሄ ልዩነት ነው። እኔ ለተማሪ አሁንም ቨርቹዋልቦክስን ነው ምሰጠው።

ድራግ ኤንድ ድሮፕና ኮፒ ፔስት የሚሉትም እነሱም ጌስት አዲሽንስን ነው ሚፈልጉት፣ ኮፒ ፔስቱ ለጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ድራግ ኤንድ ድሮፑን ግን ለትልቅ ፋይል አልመክርም፣ ሼርድ ፎልደር እያለ ለምን።

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ጌስት አዲሽንሱ መሃል ላይ እየከሸፈባችሁ ዳታ የሌላችሁ ልጆች ባዶ ፍላሽና የዩኔም ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ የሙያ ልጅ ጠጋ በሉ፣ እኔ ጋ የሚመጣ ከሆነ የተለመዱትን የኡቡንቱ ሄደሮች በየቨርዥኑ አስቀምጫለሁ፣ ለመገልበጥ አላስከፍልም።